በአዲሱ ሰፈር ቤት ስለ መሸጥ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለብዙ ነገር የሚጠቀስ ቢሆንም፥ እንደ ቤት ሽያጭ አጥብቆ የሚስማማው ጉዳይ ጥቂት ነው። እህል የሸጠ ሰው ዋጋውን ተቀብሎ፥ ስልቻውን አራግፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቤት ግን ሻጩም ገዢውም ካለፉ በኋላ ቆሞ ይኖራል፤ የሁለቱም ልጆች አንድ ቀን በደጁ ላይ ይገናኛሉ። የአባቶቻቸው ውል የጸና እንደ ሆነ ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ፤ ውሉ የላላ እንደ ሆነ ግን የሚገናኙት በፍርድ አደባባይ ነው።

ይህ ነገር ይልቁንም ተጠንቅቆ ሊታይ የሚገባው በአዲስ አበባ ዳርቻ በፕላን በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ነው። ጀሞ፥ ሰሚት፥ የካ አባዶ፥ ቱሉ ዲምቱ እየተባሉ የሚጠሩት ስፍራዎች ዘመኑ ብዙ ሳይርቅ የሚታረሱና ከብት የሚሰማራባቸው ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብር፥ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፥ በአንድ ጣሪያ የሚጠለሉ ብዙ ቤተ ሰቦች በነዚህ ስፍራዎች ሰፈሩ። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ሲሆን፥ 20/80 በተባለው ሥርዓት ባለዕድሉ ከዋጋው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን 80 በመቶ ከባንክ ተበድሮ በየወሩ እየከፈለ ይጨርሳል። ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር።

ዕጣ የደረሰው ሁሉ በዚያው ይኖራል ማለት አይደለም። አንዱን የሥራው ቦታ ርቆበት፥ ሁለተኛውን የባንኩ ዕዳ ከብዶት፥ ሦስተኛውን ሕመም ወይም ስደት አስገድዶት ቤቱን ለመሸጥ ያስባል። በዚህ የሚነቀፍ የለም። የሚያስነቅፈውና የሚያስጠፋው የአሻሻጡ መንገድ ነው።

አስቀድሞ ሻጩ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት እንጂ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ነው። የጋራ ሕንፃ ሲሆን ደግሞ፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 እንደሚለው፥ ደረጃው፥ ጣሪያውና ግቢው የጎረቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ስለ ሆነ፥ ገዢው ከክፍሎቹ ጋራ በጋራው ሀብት ያለውን ድርሻና የጋራ ወጪውን ግዴታ አብሮ ይቀበላል። እንግዲህ ብልህ ገዢ የቤቱን ግድግዳ ብቻ አይመረምርም፤ ሻጩ ለነዋሪዎቹ ማኅበር የሚገባውን መዋጮ ከፍሎ እንደ ሆነ፥ የባንኩም ዕዳ ምን ያህል እንደ ቀረ ይጠይቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የ5 ዓመቱ ነገር ነው። መርሐ ግብሩ ሲጀመር፥ በዕጣ የተገኘ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ማከራየት ግን አልተከለከለም። የክልከላው ምክንያት ግልጥ ነበር፤ መንግሥት ደኃውን ባለቤት ለማድረግ ያሰበውን ቤት ነጋዴ በማግሥቱ እንዳይሰበስበው ነው። የሆነ ሆኖ ችግርና ጥቅም ሲገናኙ መንገድ አያጡምና፥ ብዙዎች ሽያጩን በውክልና ልብስ ሸፈኑት። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ለገዢው ግን የሚሰጠው የሽያጭ ውል ሳይሆን የውክልና ወረቀት ነው። ገዢው በወረቀቱ ወኪል፥ በልቡ ባለቤት ሆኖ ይገባል፤ ቀለም ይቀባል፥ መስኮት ይለውጣል፥ ልጆቹን ያሳድጋል።

የዚህ ወረቀት ድካሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የተመለከተ ሁሉ ያውቀዋል። በ2226ኛው ቍጥር ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ይህን መብቱን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። በ2232ኛው ቍጥር ደግሞ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በ2205ኛው ቍጥር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በውክልና ላይ ያኖረ ገዢ፥ ቤቱን በሌላ ሰው እስትንፋስ ላይ ሰቅሎታል ማለት ነው። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ ይመጣሉ፤ እነርሱም ሐሰተኞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ አባታቸው መሸጡን ያልሰሙ ናቸውና።

የሽያጭ ውል ቢጻፍም የአጻጻፉ ሥርዓት ካልተጠበቀ መከራው ያው ነው። ይኸው ሕግ በ1723ኛውና በ2877ኛው ቍጥር የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፥ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት እንዲደረግ አዝዟል። በ2878ኛው ቍጥርም ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ሰው ላይ አይጸናም። በመንደር ሽማግሌ ፊት የተፈረመው ወረቀት የቱን ያህል ምስክር ቢበዛበት ይህን ሊተካ አይችልም። ውሉ ሲፈርስ ሕጉ ሁለቱን ወገኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሳል፤ ሻጭ ቤቱን፥ ገዢ ገንዘቡን ይረከባል። ነገር ግን ከ10 ዓመት በፊት ቤት የገዛ ገንዘብ ዛሬ ቤት እንደማይገዛ የማያውቅ የለም፤ ገንዘቡ ተመልሶ የዋጋው ኃይል ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ግብርና ቀረጥ ለማሳነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ይጻፋል። ገዢው በዚያን ቀን አተረፍሁ ይላል፤ ውሉ የፈረሰ ቀን ግን በእጁ ያለው ማስረጃ ያነሰውን ዋጋ ብቻ ይናገራልና፥ የቀረውን ከፍያለሁ ብሎ ለማስረዳት በገዛ ፊርማው ላይ መመስከር ይሆንበታል። መንግሥትን ለማታለል የጻፈው ቃል ራሱን ያታልለዋል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ በ68ኛው አንቀጽ፥ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሁለቱም እንዲስማሙ ያዛል። ባል ብቻውን የፈረመበት ቤት፥ ሚስቲቱ ከልጆችዋ ጋራ የምትኖርበት መጠለያ ነው። ስለዚህ የእርስዋን ቃል ሳይሰማ ገንዘብ የሚቈጥር ገዢ፥ ግፍ ከመሥራቱም በላይ ሊፈርስ የሚችል ውል ይገዛል።

በጽሑፍና በአደባባይ መዋዋል የዛሬ ዘመን ብልሃት አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ አብርሃም የሣራን መቃብር ሲገዛ፥ ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለው እንኳ፥ በኬጢ ልጆች ሁሉ ፊት በከተማይቱ በር 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለች በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ገዝቶ፥ ውሉን ጽፎና አትሞ፥ ምስክር አቁሞ፥ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አዘዘ። በጎንደር ዘመንም የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ይጻፍ ነበር፤ የሻጩና የገዢው ስም፥ በወርቅ የተቈጠረው ዋጋ፥ የምስክሮቹና የዋሶቹ ስም ሳይቀር ይገኝበታል። ከሻጮቹና ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች አሉ። ጽሑፉ በቅዱስ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ መስፈሩ ማንም ሊፍቀው እንዳይደፍር ነው፤ የዛሬው መዝገብ ቤት የዚያው ጥበብ ወራሽ ነው።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ታላቅ አደራ አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ካህናትና ሽማግሌዎች ናቸው። በየሰፈሩ ቤት ሲሸጥ ለምስክርነት የሚጠሩት እነርሱ ናቸውና፥ ከመፈረማቸው በፊት ሚስቲቱ የት እንዳለች፥ የባንኩ ዕዳ እንዴት እንደ ሆነ፥ ውሉ ለምን በሹም ፊት እንዳልተደረገ ሊጠይቁ ይገባል። መልሱ ካላማራቸው ብዕሩን ቢያስቀምጡ ሁለቱንም ወገኖች ከጥፋት ያድናሉ።

ሁለተኞቹ በመዝገብ ላይ የተሾሙት ባለሥልጣኖች ናቸው። ሰው ወደ መንደር ወረቀት የሚሸሸው ሁልጊዜ ሕግን ስለ ናቀ አይደለም። ካርታው ሳይወጣ ዓመታት ሲያልፉ፥ ዛሬ ሂድ ነገ ና ሲባል፥ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ሲሰደው፥ የታመመ ልጁን ሊያሳክም የሚሸጠው አባት ደላላው ያሳየውን አጭር መንገድ ይይዛል። ደጁ ጠባብ የሆነ መዝገብ ቤት፥ አጥር የሚዘሉትን ያበዛል። ስለዚህ ባለጉዳይን በጊዜው የሚያስተናግድ ጸሐፊ፥ አንድ ወረቀት ብቻ አትሞ የሰደደ አይምሰለው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ሊነሣ የነበረውን የወንድማማች ክርክር በዚያች ማኅተም አስቀርቶአል።

ቤት የሚሠራው በድንጋይና በሲሚንቶ ነው፤ ባለቤቱ የሚያድርበት ግን በውሉ እውነት ላይ ነው። በአዲሱ ሰፈር ቤቱን የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ሲቈጥር፥ የሚገዛውም ቁልፉን ሲቀበል፥ ሁለቱም የልጆቻቸውን ሰላም አብረው እየሸጡና እየገዙ መሆናቸውን ቢያስቡ፥ መዝገብ ቤቱ ደጅ ላይ የሚያሳልፉት ቀን ረጅም አይመስላቸውም።