የምጥ ደጋፊዋ ሥራ ከሕዝብ ካዝና ሊከፈል ይገባል

አንድ ኅብረተሰብ ለእናቶች የሚሰጠው ክብር የሚለካው በበዓል ቀን በሚሰማው ውዳሴ ሳይሆን በበጀት መዝገቡ ላይ በሚሰፍረው አኃዝ ነው። ስለ እናትነት ታላቅነት የማይናገር አገር የለም። ይሁን እንጂ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት በእኩለ ሌሊት በማታውቀው ክፍል፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ስትተኛ እጇን የሚይዛት ማነው? ያንን እጅ የሚያሠለጥነውና የድካሙን ዋጋ የሚከፍለውስ ማነው? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ውዳሴው ሁሉ ዝም ይላል። የዛሬው ሐተታችን የሚያተኩረው በዚሁ ዝምታ ላይ ነው።

በባህላችን ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ይጠራል፤ ጠና ያሉ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ወገቧን ስትደግፍ ሌላዋ ውሃ ታሞቃለች፤ ሁሉም «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ያበረታቷታል። ይህ ልማድ የሕክምናን ዕውቀት ሊተካ እንደማይችል እሙን ነው። ደም አልቆም ሲል ወይም የሕፃኑ አመጣጥ ሲዛባ የሚያድነው የሠለጠነ ባለሙያ እንጂ ማበረታቻ አይደለም። ሆኖም ልማዱ አንድ ሊታበል የማይችል ሐቅ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ምጥ የሰውነት ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ትግል መሆኑ ነው።

ወሊድ ከቤት ወደ ጤና ተቋም መሸጋገሩ ታላቅ እርምጃ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ነገር ግን እናቲቱ የተቋሙን ደጃፍ ስታልፍ ከበዋት የነበሩት ሴቶች በብዙ ቦታ ከበር ውጭ ቀርተዋል። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢንዱስትሪ እጅግ ያደጉት አገሮች ይህንኑ መንገድ ቀድመው ተጉዘው፣ የጣሉትን ነገር ዋጋ ያወቁት ዘግይተው ነው።

የስሙ ትርጉምና የሥራው ጠባይ

በተለይ በአሜሪካ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው ሙያ «ዱላ» ይባላል። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ መምቻውን ዱላ ማስታወሱ አይቀርም፤ ሥራው ግን ከመምቻው ይልቅ ለምርኩዙ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ «የምጥ ደጋፊ» እንላታለን። እርሷ አዋላጅ አይደለችም፤ መድኃኒት አትሰጥም፣ ሕፃን አትቀበልም። ከወሊዱ በፊት ነፍሰ ጡሯን በቤቷ ትጎበኛለች፤ በምጡ ጊዜ ከጎኗ ሳትለይ ታበረታታታለች፤ ከወሊዱ በኋላም ጡት በማጥባትና ሕፃኑን በመንከባከብ ትረዳታለች።

የቃሉ ምንጭ የግሪክ ቋንቋ ሲሆን ጥንታዊ ፍቺውም «ገረድ» ወይም «ሴት ባሪያ» ማለት ነው። ይህ ፍቺ ሊያስገርመን አይገባም። ሴት ለሴት የምታደርገው እንክብካቤ ለረጅም ዘመን እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ተቆጥሮ ዋጋ ሳይከፈልበት የኖረ ድካም ነውና። ዛሬ ትግል የሚጠይቀው ጉዳይም ይኸው ነው፤ የገረድ ስም የተሰጠው ሥራ የሠራተኛ ደመወዝ እንዲያገኝ ማድረግ።

ማስረጃው ምን ያሳያል?

የሳይንስ ማስረጃው የተጠራቀመው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጓቲማላ በአንድ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ ሴቶች፣ ከዚያ በፊት አይተዋት የማያውቋት አንዲት ሴት ከጎናቸው ስትቀመጥ፣ ሆስፒታል ከገቡበት እስከ ወለዱበት ያለው ጊዜ በአማካይ ከ19.3 ሰዓት ወደ 8.8 ሰዓት ወረደ። የተነጻጸሩት እናቶች በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን በ17 አገሮች የተካሄዱ 26 ጥናቶችና ከ15,000 የሚበልጡ ሴቶች በአንድነት ተገመገሙ። በዚህ ሰፊ ግምገማ ምጡ ያጠረው በ40 ደቂቃ ያህል ነው፤ በቀዶ ጥገና መውለድ ግን በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም የምትወልድ ሴት የመረጠችው ሰው ከጎኗ እንዲሆን መክሯል።

ይህን ማስረጃ ይዘን ወደ አሜሪካ ኑሮ ስንመለስ ቅራኔው ግልጽ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሀብታም አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሕይወታቸው ያለፈው ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጭ እናቶች ደግሞ 14.5 ነበሩ። የምጥ ደጋፊዋ ብቻዋን ይህን ልዩነት ትደመስሳለች ማለት አይቻልም፤ መንስኤው ሰፊና ሥር የሰደደ ነው። ነገር ግን አገልግሎቱ በገበያ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ የሚደርሰው ገንዘብ ላላት እንጂ ይበልጥ ለሚያስፈልጋት አይሆንም።

ከዚህ አኳያ እ.ኤ.አ. በ1996 በቺካጎ የተጀመረው አሠራር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ለወጣት እናቶች ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ከመላክ ይልቅ በዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ ቋንቋቸውንና ችግራቸውን የሚያውቁ ሴቶች ተመርጠው ሠለጠኑ። ድጋፉ ከሰፈሩ መነጨ፤ የሰፈሩ ሴቶችም ሙያ አገኙ።

ክፍያው ኑሮን ሊደግፍ ይገባል

በአሜሪካ ከአሥር ወሊዶች የአራቱን ያህል ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የቆመ የመንግሥት የጤና መድን ነው። ኦሪገንና ሚኒሶታ ይህ መድን ለምጥ ደጋፊዎች እንዲከፍል በማድረግ ግንባር ቀደም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሺንግተን ዲሲ ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። በነዚህ ቦታዎች በሜዲኬይድ የምትታከም ነፍሰ ጡር እኅት ወይም ልጅ ያለችው አንባቢ ይህን አገልግሎት እንድትጠይቅ ቢነግራት መልካም ነው። እናት በሌለችበት፣ ጎረቤት በማይተዋወቅበት አገር ቋንቋዋን የምታውቅ ሴት ከጎኗ መገኘቷ ቀላል ነገር አይደለምና።

ሆኖም ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በቂ ክፍያ መመደብ ሌላ ነው። በኦሪገን ክፍያው ለአንድ ወሊድ 350 ዶላር የነበረበት ጊዜ አለ። ለዚህም ደጋፊዋ ከወሊዱ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከወሊዱ በኋላ ሁለት ጊዜ ትጎበኛለች፤ ምጡንም እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ምጥ ሰዓት አይመርጥምና ሌሊትም ቀንም ለመጠራት ዝግጁ መሆን አለባት። በወር አራት እናቶችን ብትይዝ ገቢዋ 1,400 ዶላር ነው፤ በዚያ አገር የቤት ኪራይ ይህ ቤተሰብ አያኖርም። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ ሲል ያው የአራት እናቶች ድካም 6,000 ዶላር ሆነ። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ርቀት በበጎ ፈቃድና በሥራ መካከል ያለው ርቀት ነው። አነስተኛ ክፍያ ባለበት ሙያው ባሏ ወይም ወላጆቿ ለሚደጉሟት ሴት ብቻ ይቀራል፤ የድኻው ሰፈር ሴት ግን ሠልጥና ትተወዋለች።

«የመንግሥት በጀት ውስን ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን አላስፈላጊ ቀዶ ጥገናም ከዚያው በጀት ይከፈላል፤ የእናቲቱንም ማገገሚያ ጊዜ ያራዝማል። «ዘመድ ይበቃታል» የሚሉም አሉ። ዘመድ ያላት ዘመዷ ይግባላት፤ ዘመዷ በሌሊት ተራ ፋብሪካ የገባባት ወይም ከነአካቴው ዘመድ የሌላትስ? «የአዋላጇን ሥልጣን ትጋፋለች» የሚለው ስጋት ደግሞ የሥራ ድርሻን በግልጽ በመለየት የሚወገድ እንጂ አገልግሎቱን የሚያስቀር አይደለም።

ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው፣ ሠልጥነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ማኅበረሰባቸውን ማገልገል መቻላቸውን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከመንግሥት በጀት ደመወዝ እየከፈለ በየገጠር ቀበሌው አሰማርቷል። ከቺካጎ ሰፈርም ሆነ ከኢትዮጵያ ቀበሌ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ለሕዝብ ቅርብ የሆነ ሠራተኛ የሚገኘው ከሕዝቡ መካከል ነው፤ ጸንቶ የሚቆየው ግን ደመወዝ ሲኖረው ነው።

ስለሆነም የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ስለ ጤና አገልግሎት በሚወያዩባቸው ስብሰባዎች የአልጋና የመድኃኒት ቁጥር ብቻ መጠየቅ አይበቃም። በማዋለጃው ክፍል እናቲቱ የመረጠችው ሰው እንዲገባላት ይፈቀዳል ወይ? ሰው የሌላትስ ማን ይቆምላታል? ለሚቆምላትስ በጀት ተይዟል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። እናቶቻችን ጎረቤትን በምጥ ሌሊት ያለ አንዳች ክፍያ ደግፈው እዚህ አድርሰውናል። ያ ውለታ በምስጋና ብቻ አይመለስም። የእነርሱን ፈለግ ተከትላ በሌላዋ ሴት አልጋ አጠገብ ሌሊቱን ለምታነጋው ሠራተኛ ተገቢውን ደመወዝ በሕዝብ በጀት ውስጥ ስናሰፍር ያን ጊዜ ይመለሳል።