የኔትወርክ ማማው ብረትና የዚንክ ልባሱ

በጎፋ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ብረት ጎን ለጎን ይታየዋል። አንደኛው የቤቶቹ ክዳን የሆነው ቆርቆሮ ነው፤ ዕድሜ የጠገበው ከምስማሩ ዙሪያና ከተቆረጠው ጠርዙ ጀምሮ ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛው በየሕንፃው ጣሪያና በየግቢው የቆመው የቴሌኮም ማማ ነው፤ እርሱ ግን ያው ዝናብ እየወረደበት ግራጫነቱን እንደያዘ ይቆያል። ሁለቱም ዚንክ የለበሱ ብረቶች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ጥያቄው የክዳን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአገራችን በ1991 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኩባንያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የማማዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። በየማማው ላይ ደግሞ አንቴና ለመትከልና ለመጠገን የሚወጣ ሠራተኛ አለ። ይህ ሰው ሕይወቱን የሚያምነው ለብረቱና ብረቱን ለያዘው ብሎን ነው።

በቅድሚያ ዚንክ ብረትን የሚጠብቅበትን መንገድ እንመልከት። ዚንክ እንደ ቀለም ውኃንና አየርን ከመከልከሉም በላይ፣ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የማይሟሟ ስስ ግራጫ ሽፋን ያበጃል። ከቀለም የሚለየው ግን ሽፋኑ ሲጫር ነው። የዚንክ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ‑0.76 ቮልት፣ የብረት ደግሞ ‑0.44 ቮልት ስለሆነ፣ ሁለቱ ተነካክተው ውኃ ሲያገኛቸው ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚቀድመው ዚንኩ ነው። በዚህም ጭረቱ ጠባብ እስከሆነ ድረስ ዚንኩ እየተበላ የተጋለጠውን ብረት ያድነዋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ለዘዴው የባለቤትነት መብት ሲያወጣ በጋልቫኒ ስም የሰየመው ይህንኑ ኤሌክትሮ‑ኬሚካዊ ጠባይ በማሰብ ነበር። በዘዴው ውስጥ ግን ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ ሽቦ አልነበረም፤ ስሙ እስከ ዛሬ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማማ እግሮችና ማገሮች የሚለብሱት በመንከር ዘዴ ነው። ብረቱ ተቆርጦ፣ ተሰርስሮና ተበይዶ ካለቀ በኋላ ቅባቱ ይታጠባል፤ ዝገቱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ ከዚያም የዚንክና የአሞንየም ክሎራይድ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ አልፎ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ለደቂቃዎች ይቆያል። በእነዚህ ደቂቃዎች ዚንኩ ላይ ላዩን ብቻ አይለጠፍም፤ ከብረቱ ጋር እየተዋሐደ የቅይጥ ንብርብሮችን ይሠራል። ከንብርብሮቹ አንዳንዶቹ ከማማው ብረት ከራሱ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ማማው ከመኪና ሲወርድና ሲገጣጠም የሚደርስበትን ምት ይችላሉ።

ውፍረቱን የሚወስነው በአመዛኙ ብረቱ ራሱ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 1461 መሠረት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ብረት አማካዩ ልባስ ቢያንስ 85 ማይክሮን፣ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ደግሞ 45 ማይክሮን መሆን አለበት። ንድፍ አውጪው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ሁለት አፉ የተደፈነ ቧንቧ ያለ መተንፈሻ ቀዳዳ ከተነከረ በውስጡ የቀረው ርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሊፈነዳ፣ የቀለጠውንም ዚንክ በሠራተኞች ላይ ሊረጭ ይችላል።

የክዳኑ ቆርቆሮም የሚነከር ነው፤ ነገር ግን እንደ ጥቅል ጨርቅ እየተተረተረ በሰከንዶች ውስጥ ያልፍና ትርፉ ዚንክ በአየር ግፊት ይጠረግለታል። በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ የለበሰ ደህና ቆርቆሮ እንኳ በየፊቱ ያለው ውፍረት 20 ማይክሮን ያህል ነው። ቆርቆሮ ስንገዛ ጌጁን እንጠይቃለን፤ ዚንኩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ የኤሌክትሪክ ነው። ዕቃው የዚንክ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ካቶድ ሆኖ ይቀመጥና ዚንኩ በኤሌክትሪክ ኃይል ይለጠፍበታል። ልባሱ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳና እኩል ሲሆን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ እጅግ መልካም ነው። በመርጨት የሚለበጥ ዚንክና የዚንክ ዱቄት የበዛበት ቀለምም አሉ፤ እነርሱ በገንዳ ውስጥ ለማይገባ ትልቅ ብረትና ለጥገና ያገለግላሉ።

ዚንክ ከደጅ አየር በታች የሚያልቀው በሞላ ጎደል በተመጣጠነ ፍጥነት ስለሆነ፣ ውፍረቱን ወደ ዕድሜ መለወጥ ይቻላል። ለስሌት እንዲመቸን በዓመት 1 ማይክሮን ያልቃል ብንል የማማው እግር 85 ዓመት፣ ቆርቆሮው 20፣ በኤሌክትሪክ የተለበጠው ብሎን ደግሞ ከ5 እስከ 12 ዓመት ይሆናል። ፍጥነቱ ግን እንደ አገሩ አየር ይለያያል። ጨዋማ በሆነ የባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወርደን ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ብንደርስ፣ በዓመት ከ4 እስከ 8 ማይክሮን ሊያልቅ ይችላል። ያው 85 ማይክሮን እዚያ ከ10 እስከ 20 ዓመት ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው የማማ ደካማ ቦታ ወፍራሙ እግር ሳይሆን ትንሹ ብሎን መሆኑን ነው። ለማማ የሚሆን ብሎን ተነክሮ፣ በማሽከርከር ትርፉ ዚንክ የተራገፈለት መሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለው ብሎን ጥርሱ ስለሚወፍር ተራ ዳዶ አይገባለትም፤ ዳዶው ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። የዳዶው የውስጥ ጥርስ ዚንክ ሳይኖረው የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ የሚጠብቀው የብሎኑ ዚንክ ነው። በሥራ ቦታ ላይ ብሎን ሲጎድል በእጅ የሚገኘው ከሱቅ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ብሎን ከሆነ ፈተናው ይመጣል። መጠኑ ልክ ነው፣ በቀላሉ ይገባል፣ ከአሮጌው ይልቅም ያምራል። እጅግ ጠንካራ የሆነ ብሎን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል፤ በአሲድ ሲታጠብና በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ሊገባ ይችላል። በጊዜው በሙቀት ካልተባረረለት፣ ብሎኑ ከጠበቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል።

በዓይን ለመለየት የሚያብረቀርቀውንና ለስላሳውን በኤሌክትሪክ የተለበጠ፣ ደብዘዝና ሻከር ያለውን የተነከረ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል፤ እርግጡን የሚናገረው ግን ልባሱን በማግኔት የሚለካው መሣሪያ ነው።

ማማው ከቆመ በኋላ አዲስ አንቴና ለማሰር ብረቱ በሰርሳሪ ሲበሳ ደግሞ የቀዳዳው ግድግዳ ራቁቱን ይቀራል። ጠባብ ጭረትን የሚያድነው የዚንክ ጠባይ የቀዳዳውን ውስጥ ሁሉ ለመሸፈን ሁልጊዜ አይበቃም። ከላይ የጠቀስነው ደረጃ ፋብሪካው ራሱ የሚጠግነውን ያልለበሰ ቦታ በአንድ ዕቃ ከጠቅላላው ገጽ 0.5 በመቶ፣ እያንዳንዱንም ከ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል። በማማ ጫፍ ላይ ለሚሰረሰረው ቀዳዳ ግን ቆሞ የሚለካለት የለም። ዚንክ የበዛበትን ቀለም ይዞ መውጣትና ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳውን መቀባት የዚያው የወጣው ሠራተኛ ፋንታ ነው።