ሰም፥ ሙጫና ባዶ ካርቶን በገዳሪፍ

ከመተማ ዮሐንስ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ከጥንት ጀምሮ ለገበያ ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል ከኢትዮጵያ ወገን ሰምና ዕጣን፥ ከሱዳን ወገን ደግሞ ሙጫ ይገኛሉ። ሰሙ ጧፍ ሆኖ፥ ዕጣኑም በጽና ላይ ጢሶ ቤተ ክርስቲያንን ያገለግላል። ሙጫው ግን ወረቀትን ከወረቀት ከማጣበቅ በቀር ለምስጋና የሚረባ አይመስልም። ይሁን እንጂ ወረቀት ቈርጦና አጥፎ ግዙፍ ቅርጽ የማውጣትን ሥራ ለተመለከተ ሰው ሰሙና ሙጫው የሚገናኙበት ስፍራ አለ።

ንብ የማር እንጀራዋን ስትሠራ እያንዳንዱን ዐይን ባለ ስድስት ጐን ታደርገዋለች። ይህን ማር የቈረጠ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው የዐይኑን መጨረሻ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጐናቸው እኩል በሆነ፥ ዘንበል ባሉ ሦስት ክዳኖች የተዘጋ ነው፤ በእንጀራው በወዲያኛው ፊት ያሉት ዐይኖች ከወዲህኞቹ ጋር እንደ ጥርስ የሚገጥሙትም በእነዚህ ነው። ማራልዲ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1712 ማዕዘናቸውን 109 ዲግሪ ከ28 ደቂቃና 70 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ብሎ ጻፈ። በ1739 ደግሞ ኮኒግ የተባለው የሂሳብ ሊቅ ሰም የሚቈጥበውን ማዕዘን በሂሳብ ቢፈልግ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ቍጥር አገኘ። ከዚህም የተነሣ ንብ ሂሳብ ታውቃለች ብለው የጻፉ አልጠፉም። ነገር ግን በ1964 የሀንጋሪው ፌየሽ ቶት ከንቧ ሥራ ጥቂት ሰም የሚያተርፍ ሌላ ቅርጽ አሳየ። ትርፉ ከመቶ ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ንቧን የሚያሳፍር አይደለም።

ይህ ቅርጽ በወረቀት ይወጣል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሰመረው መስመር አጭሩ 10፥ ረጅሙ 14.1 ሳንቲሜትር የሆነ፥ አራት እኩል ጐን ያለው ክዳን አሥራ ሁለት ጊዜ ይቈረጣል። ሰፊው ማዕዘን በሚገናኝበት ሦስት ሦስት፥ ጠባቡ በሚገናኝበት አራት አራት እየሆኑ ሲገጥሙ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ሦስቱም ክዳኖች በተገናኙበት በኩል የማሩ ዐይን ታች ይታያል። እንዲህ ያሉ አካላት ብዙ ሆነው ቢደረደሩ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አይቀርም። መጋዘን ያለው ነጋዴ የዚህን ጥቅም ሳይነገረው ያውቃል።

ከሃይማኖት ወገን የሚቀርበው ቅርጽ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። ስድስት እኩል ካሬዎች በመስቀል መልክ፥ አራቱ በቁመት፥ ሁለቱ በግራና በቀኝ ክንድ ሆነው ይሰመሩና ዙሪያው ይቈረጣል። መስመሩን ተከትለው ቢያጥፉት መስቀሉ ተዘግቶ ኩብ ይሆናል። ኩብን ዘርግቶ ለመክፈት 11 ዐይነት መንገድ አለ፤ መስቀል ከእነርሱ አንዱ ነው። ለክርስቲያን ልጅ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 የሰሎሞን ቅድስተ ቅዱሳን ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 20 ክንድ ሆኖ ተጽፏል፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ከሰማይ የምትወርደው ከተማም ሦስቱም ልኳ እኩል ነው። በጐንደር ወገን ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናትም ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ዙሪያውን ሲከቡ በመካከል ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። በገዳሪፍ አገር የእስልምና ተከታይ የሆነ ልጅ አጠገቡ ቢቀመጥም እንግዳ አይሆንበትም፤ ዐረቦች ኩብን ሙከዐብ የሚሉት ካዕባ ከሚለው ስም ጋር በአንድ ሥር ነውና።

ይህን ሁሉ የጨዋታ ነገር አድርጎ ማለፍ አይገባም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ወደ 60 ሺህ የሚሆን ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ከእነዚህም አያሌዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ፤ ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜም ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞችን ተቀብሎ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ራሷ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከካርቱም፥ በኋላም ከወድ መደኒ የሸሹ ቤተ ሰቦች ወደ ገዳሪፍ ጐረፉ፤ ትምህርት ቤቶችም ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። በዚህ መካከል የጠፋው የልጆች የትምህርት ዓመት ነው። ባለሥልጣኖች ስለ መጽሐፍና ስለ ወንበር መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን መጽሐፉ እስኪደርስ ድረስ ልክን፥ ማዕዘንንና ስፋትን የሚያስተምር ነገር በየሱቁ ደጅ ወድቆ ይገኛል።

ይኸውም ባዶ ካርቶን ነው። ጐኑ 30 በ40 ሳንቲሜትር ከሆነ ካርቶን የአንዱ ገጽ ብቻ በ10 ሳንቲሜትር ካሬ ተሰምሮ አንድ መስቀል በትክክል ያወጣል፤ አሥራ ሁለቱ የማር ዐይን ክዳኖችም በአራት አራት ረድፍ ቢሰመሩ በዚሁ ልክ ላይ ይበቃሉ። ካርቶን ወፍራም ስለሆነ የሚታጠፈው መስመር አስቀድሞ በቢላ ጀርባ መጫን አለበት፤ የተቈረጠውም ጠርዝ ለጠርዝ ከገጠመ በኋላ ስፌቱ በቀጭን ወረቀት ይታሸጋል። ለማሸጊያው ከሩቅ የሚመጣ ማጣበቂያ መግዛት አያስፈልግም። ሱዳኖች ሐሻብ ከሚሉት ግራር የሚገኘው ሙጫ፥ በዓለም ገበያ ከሁሉ የሚበልጠውን የምታቀርበው ሱዳን ስትሆን፥ የደብዳቤ ፖስታና የቴምብር ጀርባ ይቀባበት የነበረው እርሱ ነው። ከጆንያ የተራገፈው ስብርባሪ ታጥቦ በእጥፉ ውሃ ውስጥ ቢያድር ማለዳ ለሥራ ይደርሳል።