መሳቢያ ውስጥ ያለ ዕዳ

ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ስለ ሁለተኛው ያላወራ የለም፤ የመጀመሪያውን ከሕግ ባለሙያዎችና ከባንክ የአይቲ ክፍሎች ውጪ ልብ ያለው ጥቂት ነው። ለነጋዴው ግን ሁለቱ ተከታትለው ነው የመጡት። አንዱ የደንበኛህን መረጃ ጠብቅ አለው፣ ሌላው መጠበቂያውን አስወደደበት። የፋየርዎሉም፣ የጸረ ቫይረሱም፣ የዊንዶውሱም ፈቃድ በዶላር የሚገዛ ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር ዘለለ።

ይህ በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጀርመን አደባባይ እስከ ለቡ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ያለውን የመንገድ ዳር ንግድ መቃኘት ይበቃል። ክሊኒኩ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ የማይክሮ ፋይናንስ ቅርንጫፉ፣ የሪል እስቴት ሽያጭ ቢሮው፣ ሁሉም መታወቂያ ይጠይቃል፤ ሁሉም ኮፒ ያስቀራል። የሕንፃው ጥበቃ ስምና ስልክ በመዝገብ ያስጽፋል፤ ተከታዩ እንግዳ ከእሱ በፊት የገባውን ሰው ስልክ እያነበበ የራሱን ይጽፋል። ኮፒ ቤት ሲገቡ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይባላሉ። የተላከው መታወቂያ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ ታትሞ ካበቃ በኋላ ከኮምፒውተሩ ላይ ማን ያጠፋዋል? የብዙ ድርጅቶችን ግብር የሚያሳውቀው የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ የሁሉንም የይለፍ ቃል በአንድ ላፕቶፕ ይዞ ይዞራል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ፒችትሪ፣ ብዙውን ጊዜ ክራክ የተደረገ ነው። ክራኩን የሠራው ሰው ምን ጨምሮበት እንደሆነ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። መረጃው ቢወጣ የሚጎዳው የመረጃው ባለቤት ነው። በስሙ ሲም ካርድ የሚወጣበት፣ አጭበርባሪ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚደውልለት እሱ ነው። ኮፒውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረው ድርጅት አንድ ብር አይከፍልም። ጉዳቱ በሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ለመከላከያው ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ብርቅ ነው።

የራስ ገንዘብ ሲነካ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለይ መጋቢት 2016 አሳይቶናል። በወሩ 6ኛ ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገለጸ፤ የወጣውን ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር አለው። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። በቀናት ውስጥ አብዛኛው ተመለሰ። ባንኩ ያልመለሱ ያላቸውን የ565 ሰዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር ይፋ አወጣ፤ የአንዳንዶቹን ፎቶም በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ለጠፈ። የሰው ገንዘብ ወስዶ ለተደበቀ ሰው የማዝን አይደለሁም። ነገር ግን በኢንተርኔት የወጣ የሒሳብ ቁጥር ዕዳው ተከፍሎም አይመለስም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ቢያዝም ራሱን የቻለ የግል ዳታ ሕግና ተቆጣጣሪ ስላልነበረ፣ የደንበኛን መረጃ ማውጣት ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ያጸደቀው ከዚሁ ሁሉ ብዙም ሳይርቅ፣ መጋቢት 26 ነው።

አዋጁ እንግዲህ ዋጋውን ለመለጠፍ የመጣ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ምክንያቱ ታውቆ ይሁን፣ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጪ አይዋል፣ የጤናና የአሻራ መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ይደረግለት ይላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መረጃ ሲጣስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለእሱ ማሳወቅ ግዴታ ሆኗል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው መጣሱ ከታወቀ በኋላ ነው። ለማወቅ ደግሞ ማን መቼ ወደ ሲስተሙ እንደገባ የሚመዘግብ ሶፍትዌርና መዝገቡን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ትልቅ ባንክ ሁለቱም አሉት፤ ስለዚህ ያውቃል፣ ያሳውቃል፣ ምናልባትም ይቀጣል። ጀሞ ያለው ክሊኒክ ሁለቱም ስለሌሉት ምንም አያውቅም፤ ያላወቀውንም አያሳውቅም። አፈጻጸሙ ካልታሰበበት ሕጉ አይቶ የተናገረውን ከዓይነ ስውሩ ይልቅ ይጎዳል።

ሌላው ችግር የወጪው ባሕርይ ነው። የደህንነት ባለሙያ ደመወዝ ድርጅቱ መቶ ደንበኛ ቢኖረውም ሚሊዮን ቢኖረውም ያው ነው። ለባንኩ በእያንዳንዱ ደንበኛ ላይ ሳንቲም የሚሆነው ወጪ ለክሊኒኩ የወር ትርፉ ሊሆን ይችላል። ይህን የተረዱ አማካሪዎች የድርጅቱ ስም ብቻ የተቀየረበት ወፍራም «የዳታ ፖሊሲ» ይሸጣሉ። ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ መሳቢያው እንደነበረ ይቀራል። ባለሥልጣኑ በሚያወጣቸው መመሪያዎች አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅትና ለባንክ አንድ ዓይነት ቅጽ ከሰጠ፣ ያደገው የቅጽ ሻጮች ገበያ ብቻ ይሆናል።

ለትንሹ ድርጅት ርካሹ መከላከያ ከመጀመሪያው አለመያዝ ነው። ያልተቀመጠ ኮፒ አይሰረቅም፣ ጥበቃም ሆነ ሰርቨር አያስፈልገውም። ለዚህ የሚያግዝ ነገር ደግሞ አገሪቱ አላት። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ሲነደፍ ለሰው የማይሰጥ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር እና በእሱ ፈንታ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ተለይተው ነው የተሠሩት። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሲሆን፣ ባንኮች ሰውየው ማን እንደሆነ በስልኩ በሚላክ ኮድ ማረጋገጥ ችለዋል፤ ወረቀት አያስፈልግም። ትንንሾቹ ድርጅቶች ግን ከሥርዓቱ ጋር አልተገናኙም። ስለዚህ የፋይዳ ካርዱንም እንደ ቀበሌ መታወቂያው በሁለት ገጽ ኮፒ አድርገው በስቴፕለር ያያይዙታል። ያ ሁሉ የዲጂታል ወጪ ኮፒ ማሽን ላይ ሲደርስ ወደ ድሮው ይመለሳል። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሙ ለሳሪስ አከራይና ለመካኒሳ ትምህርት ቤት የሚሆን፣ «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ ብቻ የሚመልስ ርካሽ ማረጋገጫ ቢያቀርብ፣ ከብዙ የቅጣት አንቀጾች የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውም ብዙ አይጠብቅም። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የፈቀደው የባንክ ሥራ አዋጅ በ2017 ጸድቋል። እነዚህ ባንኮች ሲመጡ የቢሮ ሕንፃ አከራይ፣ የጥሪ ማዕከል፣ የሶፍትዌር አቅራቢ፣ የሠራተኞቻቸውን ጤና የሚከታተል ክሊኒክ ይፈልጋሉ። ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚልኩት የጥያቄ ዝርዝር ከእኛ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ለቡና ጀሞ ሊደርስ ይችላል። የትኛውን የደንበኛ መረጃ እንደምትይዙ፣ ለምን እንደያዛችሁት፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደምታጠፉት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጥሩ ጸሐፊ ያለው ድርጅት ይሞላቸዋል። አራተኛውን ለመሙላት መሳቢያውን መክፈት ይጠይቃል።