ስካነሩ «ጢጥ» ካለ በኋላ

ባርኮድ ማንበቢያ ገዝተው ኡቡንቱ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ያገናኙ ባለሱቆች የሚያሰሙት አቤቱታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስካነሩ መብራቱ ይበራል፣ ዕቃው ላይ ሲያነጣጥሩት «ጢጥ» ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ወይ ምንም አይመጣም፣ ወይ የማይነበብ ነገር ይመጣል። ወዲያው «ይሄ ስካነር ከሊኑክስ ጋር አይሠራም» ይባልና ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለሳል። ይህ ድምዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ስህተት የሆነበት ምክንያት የሚገባን ያ ድምፅ ስለ ምን እንደሚመሰክርና ስለ ምን እንደማይመሰክር ስንለይ ነው።

ድምፁ የሚመሰክረው ስካነሩ የራሱን ድርሻ መጨረሱን ብቻ ነው። በአብዛኛው ሸቀጥ ላይ የምናየው ባለ13 አሃዝ ባርኮድ፣ ኢኤኤን-13 የሚባለው፣ ወርዱ በ95 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው። ስካነሩ የብርሃኑን ነጸብራቅ ተከትሎ መስመሮቹን ወደ አሃዝ ይመልሳል፤ ከዚያም ሒሳብ ይሠራል። የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነውና። 2001234567893 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ከግራ ጀምረን የመጀመሪያዎቹን 12 አሃዞች አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያባዛን ስንደምር 97 ይመጣል። 100 ለመሙላት 3 ይጎድላል፤ የመጨረሻው አሃዝ 3 የሆነው ለዚህ ነው። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢነበብ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ስካነሩም ዝም ይላል። ስለዚህ ድምፁ ከተሰማ ንባቡ ትክክል ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ጥፋቱ የሚፈለገው ከዚያ ወዲህ፣ ቁጥሩ ከስካነሩ ወጥቶ የሽያጭ ፕሮግራሙ ጋ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ዋናው ነገር ስካነሩ ለኮምፒውተሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ማንነት ነው። አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 አንድ እሽግ የሪግሊ ማስቲካ ለመጀመሪያ ጊዜ በባርኮድ ሲሸጥ ስካነሩ የተያያዘው ለዚሁ ሥራ ከተዘጋጀ የሒሳብ መመዝገቢያ ጋር ነበር። የግል ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚያውቁት ግብዓት ኪቦርድ ብቻ ነበር። አምራቾቹ ያገኙት መፍትሔ ስካነሩን በኪቦርዱና በኮምፒውተሩ መካከል ሰክቶ፣ ያነበበውን ቁጥር ሰው እንደጻፈው አድርጎ ማሳለፍ ነው። ዩኤስቢ ሲመጣም ልማዱ ቀጠለ፤ ዛሬም አብዛኛው ስካነር ከካርቶኑ ሲወጣ ራሱን የሚያስተዋውቀው ኪቦርድ ነኝ ብሎ ነው። ሊኑክስ ደግሞ የዩኤስቢ ኪቦርድን የሚያስተናግድበት ድራይቨር አብሮት ይመጣል። ድራይቨር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሲያስሱ የሚያድሩ ሰዎች የሌለ ነገር እየፈለጉ ነው።

ኪቦርድ መምሰሉ ሥራውን አቅልሎታል፣ ችግሩንም ያመጣው ይኸው ነው። የዩኤስቢ ኪቦርድ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቦታ ቁጥር ነው። 1 የተጻፈበት ቁልፍ 30 ይባላል፣ 0 የተጻፈበት 39፣ ኤንተር 40። 30 የሚለው ቁጥር ወደ «1» የሚለወጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ በዚያ ሰዓት በተመረጠው የኪቦርድ አቀማመጥ መሠረት ነው። በፈረንሳይ አቀማመጥ ከላይ ያለው ረድፍ ሺፍት ካልተያዘ ቁጥር አይሰጥም፤ ስለዚህ በአሜሪካ አቀማመጥ የተስተካከለ ስካነር ፈረንሳይኛ በተመረጠበት ኮምፒውተር ላይ በ13 አሃዝ ፈንታ ምልክትና ጭረት ያላቸው ፊደላት ያዘንባል። ስካነሩ አልተበላሸም፤ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ሰንጠረዥ ነው የተለያየው።

የእኛ ጉዳይ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። የላቲን ፊደላትን በድምፃቸው ወደ ግእዝ ፊደል በሚለውጡት የተለመዱ የአማርኛ መጻፊያዎች ቁጥሮች ሳይነኩ ያልፋሉ። ስለዚህ አማርኛ ተመርጦ እያለ የለስላሳና የብስኩት ባርኮድ ያለምንም ችግር ይነበባል፤ ባለሱቁም ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብሎ ያምናል። ከጊዜ በኋላ ባርኮድ ለሌላቸው ዕቃዎች የራሱን መለያ ያትማል። እንዲህ ያለው መለያ ብዙ ጊዜ ኮድ 128 በሚባለው ዓይነት ይዘጋጃል፤ ኮድ 128 ደግሞ ፊደልም ይይዛል። ያኔ ካፒታሉ «ቲ» «ጥ»፣ ካፒታሉ «ፒ» «ጵ» ሆኖ ይወጣል። ተነባቢን አናባቢ ከተከተለው ደግሞ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ፊደል ስለሚሆኑ የመለያው ርዝመት ራሱ ይቀየራል። ሽያጭ ክፍሉ «መለያው አልተመዘገበም» ይላል፣ መጋዘኑ «መዝግበናል» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ለዚህ የሚነገረው የተለመደ መፍትሔ ለስካነሩ ብቻ የእንግሊዝኛ አቀማመጥ መስጠት ነው። ኤክስ በተባለው በቀድሞው የሊኑክስ መስኮት ማሳያ ሥርዓት ለአንድ መሣሪያ ብቻ አቀማመጥ መመደብ በእርግጥ ይቻላል። ግን አማርኛው የሚጻፈው አይባስ በሚባለው የቋንቋ መጻፊያ አገልግሎት በኩል ከሆነ አይጠቅምም፤ አይባስ የሚሠራው ከአቀማመጡ በኋላ ነውና ቁልፉ ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ ሳይለይ ጠቋሚው ያለበት መስኮት የሚደርሰውን ሁሉ ይለውጣል። በስካነር መመሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ሌላው ዘዴ፣ ኦልት ይዞ የፊደሉን ቁጥር በቁጥር ቁልፎቹ የመላክ ስልት፣ ለዊንዶውስ የታሰበ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ካሸሩ ሁልጊዜ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማሳሰብም መፍትሔ አይደለም። ደንበኛ ተሰልፎ እያለ የሚረሳን ነገር የሥራው ምሰሶ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ኪቦርድ መሆኑ ሌላም መዘዝ አለው፤ ጠቋሚው ባለበት ይጽፋል። ካሸሩ የደንበኛውን ስም እየሞላ ሳለ ባልደረባው ዕቃ ቢያነብ ቁጥሩ ስሙ መሀል ይገባል። አብዛኛው ስካነር በቁጥሩ መጨረሻ ኤንተር ስለሚጨምር ደግሞ ቅጹ ሳያልቅ ይላካል፣ ወይም «ይሰረዝ?» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት ተከፍቶ ከነበረ ማንም ሳያስበው ይጸድቃል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ በእጃችሁ ካለ ሊኑክስ ጥሩ መንገድ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ የስካነሩን የግብዓት ፋይል በቀጥታ ከፍቶ ለራሱ ብቻ ሊይዘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፎቹ ሌላ መስኮት አይደርሱም፣ አይባስም አያያቸውም። የሚያስፈልገው ለፕሮግራሙ ያንን ፋይል የማንበብ ፈቃድ መስጠት ብቻ ነው።

እኔ ግን ስካነሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከነጭራሹ ኪቦርድ መሆኑን እንዲተው ማድረጉን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ስካነሮች ከመመሪያቸው ጋር የማስተካከያ ባርኮዶች ይዘው ይመጣሉ፤ «ዩኤስቢ ኮም» ወይም «ቨርችዋል ኮም» የሚለውን ባርኮድ ስናስነብበው መሣሪያው ማንነቱን ይለውጥና እንደ ተከታታይ መስመር (ሲሪያል ፖርት) ይታያል። ከዚያ ወዲያ የሚልከው የቁልፍ ቦታ ሳይሆን ፊደሉንና አሃዙን ራሱን ነው፤ አቀማመጥ፣ ካፕስ ሎክ፣ አማርኛ፣ የጠቋሚ ቦታ የሚባል ነገር አይነካውም። ሊኑክስ ለዚህም ድራይቨር አለው፤ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ «ቲቲዋይ ኤሲኤም 0» የሚል ስም ያገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋቶች ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» በተባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ መስመሩን መክፈት አይችልም፣ ከገባም በኋላ ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ይህችን የመጨረሻ እርምጃ የዘለለ ሰው ሁሉን በትክክል አድርጎም «እምቢ አለ» ይላል። ሁለተኛው ሞደም ማኔጀር የተባለው አገልግሎት ነው። አዲስ ተከታታይ መስመር ሲያይ አንዳንዴ ሞደም መስሎት ትእዛዝ ይልክበታል፤ በዚህ ጊዜ ስካነሩ ከተሰካ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች አይያዝም። ሱቁ በሞባይል ሞደም የማይጠቀም ከሆነ አገልግሎቱን ማጥፋት፣ የሚጠቀም ከሆነ ስካነሩን ብቻ እንዲያልፈው ማዘዝ ይቻላል። አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በዚህ አሠራር ቁጥሩ በራሱ ስክሪን ላይ አይጻፍም። መስመሩን ከፍቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ የሽያጭ ሶፍትዌራችሁ ይህን ካላወቀ በኪቦርድነቱ መቆየት ግድ ነው።

የትኛው ጋ እንደተበላሸ ለማወቅ የሽያጩን ፕሮግራም ዘግቶ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ መክፈት፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አንድ ዕቃ ማስነበብ ነው። ቁጥሩ ልክ ከመጣ ስካነሩም ሊኑክሱም ደህና ናቸው፤ ጉዳዩ ወይ ቀድሞ የተመረጠው አቀማመጥ ወይ የፕሮግራሙ ነው። ምንም ካልመጣ «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለው ትእዛዝ መሣሪያው ለኮምፒውተሩ መታየቱን ይነግረናል። ካልታየ ገመድና ሶኬት እንፈትሽ፤ ከታየ ምናልባት ሌላ ሰው ቀድሞ ወደ ተከታታይ መስመር ቀይሮታል፣ ያኔ ወደ ፋብሪካ ቅንብር የሚመልሰውን ባርኮድ ማስነበብ ነው። ቁጥሩ መጥቶ ጠቋሚው ወደ ቀጣዩ መስመር ካልወረደ ደግሞ የጎደለው በመጨረሻ የሚጨመረው ኤንተር ነው፤ እሱም የራሱ ማስተካከያ ባርኮድ አለው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ደርሶም ዕቃው «አልተገኘም» የሚባልበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ሸቀጦች የሚይዙት ዩፒሲ ባለ12 አሃዝ ነው፤ ያው ቁጥር ከፊቱ 0 ሲጨመርበት ባለ13 አሃዙ ኢኤኤን-13 ይሆናል። አንዱ ስካነር ዜሮውን ጨምሮ ይልካል፣ ሌላው ትቶ ይልካል፤ በአንዱ የተመዘገበ ዕቃ በሌላው ሲነበብ እንግዳ ይሆናል። ዝርዝሩ በሊብሬኦፊስ ካልክ ተዘጋጅቶ ከሆነ ደግሞ ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ተብሎ ካልተሰየመ ፊት ያለው ዜሮ ይወድቃል። ባርኮድ አይደመርም፣ አይባዛም፤ በመረጃ ቋቱም ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙም ከመፈለጉ በፊት 12 አሃዝ የመጣለትን ዩፒሲ ሁሉ ዜሮ ጨምሮ ወደ 13 ያድርሰው፤ ቀድሞ የተመዘገበውም በዚሁ መልክ ይስተካከል።