ነጋዴ ሕግ አውጪ የሆነበት መንገድ

የቦስተኑ ነጋዴ ናታን አፕልተን በጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ከከበረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆነ። ሀብቱ ወደ ምርጫ፣ ምርጫውም ወደ ምክር ቤት አደረሰው። በእኛ አገር ነጋዴ ወደ መንግሥት የሚገባው በኬላ በኩል ነበር።

ዛሬ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ካሉበት አገር የሚወጣው ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጅማ፣ ወይም በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይጓዝ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ኬላ ሲደርስ ጭነቱን አውርዶ ያስቆጥራል፤ ቀረጥ ይከፍላል። ቀረጡን የሚያስከፍለው፣ ገበያውን የሚያስጠብቀው፣ ነጋዴና ነጋዴ ሲካሰሱም የሚዳኘው ነጋድራሱ ነው። ገንዘብና ዳኝነት በአንድ እጅ መግባታቸው ሹመቱን እጅግ ኃያል አደረገው። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም ቢትወደድ ተባሉ። ነገር ግን የመረጣቸው ሕዝብ አልነበረም፤ በሹመት የመጣ በሽረት ይሄዳል።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢያቋቁምም እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1950 መጀመሪያ ነው። ዕጩ ለመሆን ግን በምርጫ ወረዳው የ1,000 ብር መሬት ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት ማሳየት ግድ ነበር።

ይህ መስፈርት በቡና አገር ምን ማለት እንደነበር እናስብ። የጭነት መኪና ያለው ቡና ነጋዴ በቀላሉ ያልፋል፤ ባለመሬቱም እንዲሁ። ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት የሚያስረክበው ጭሰኛ ግን ሌላውን ከመምረጥ በቀር ራሱ መወዳደር አይችልም። በእኔ እምነት የዚያ ምክር ቤት ትልቁ ጉድለት ይኸው ነበር፤ የጭሰኛው ጉዳይ የሚወሰነው ጭሰኛ በሌለበት ነው። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግም ምክር ቤቱ ጋ ቀርቦ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ።

ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ተዘጋ። ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት አዋጅ የወጣው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ያወጀውም ደርግ ነው።