ከከረሜላ ፋብሪካው ሥር

በዮርክ ከተማ ድሮም የሚታይ ነገር አልጠፋም። ሮማውያን በ71 የቆረቆሯት ይህች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላዩ ላይ እየተራመዱ የሚዞሩት የድንጋይ ቅጥር፣ ከሩቅ የሚታይ ግዙፍ ካቴድራል፣ ፎቆቻቸው ከላይ ሊነካኩ የደረሱ ቤቶች የተደረደሩባቸው ጠባብ መንገዶች አሏት። ይሁንና ላለፉት አርባ ዓመታት ልጆች ወላጆቻቸውን እየጎተቱ የሚሰለፉበት ቦታ ያለው ከመሬት በታች ነው። እዚያ የሚታየውም የጎረቤት አጥር፣ ተቀዶ የተጣለ ጫማ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ሽታው እንኳ አልቀረም። ይህ ሁሉ እንዴት እንደተገኘ የሚነገረው ታሪክ ከአንድ ባንክ ሥር ይጀምራል።

በ1972 የዮርክ አርኪዮሎጂ ትረስት ተቋቋመ። መሪው ፒተር አዲማን ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማዋ መሀል አሮጌ ሕንጻ በፈረሰና አዲስ መሠረት በተቆፈረ ቁጥር የሺህ ዓመት ታሪክ ከአፈሩ ጋር እየተዛቀ ይጣል ነበርና፣ የትረስቱ ሥራ ከማሽኑ ቀድሞ መድረስ ነበር። በዚያው ዓመት ባለሙያዎቹ ፔቭመንት በሚባለው መንገድ ላይ በሎይድስ ባንክ ሥር አራት ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፈሩ። እንዲህ ባለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት፣ ቢበዛ የዛገ ብረት ነው። እዚህ ግን ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ጥቁር፣ ርጥብ አፈር ገጠማቸው። ከውስጡም እንጨት፣ ቆዳና ጨርቅ መውጣት ጀመረ። የሰው ልጅ ኑሮ ያጠራቀመው ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ነበረው።

እንጨትና ጨርቅ ሺህ ዓመት እንዴት ቆየ? መልሱ ውሃ ነው። አካባቢው ኡዝና ፎስ በሚባሉት ሁለት ወንዞች መካከል ያለ ቦታ ነው። የጥንቶቹ ነዋሪዎች ደግሞ ጥራጊውን፣ ገለባውን፣ የእንስሳውን ፍግ እዚያው ጓሯቸው ውስጥ ይጥሉት ነበር። ቆሻሻው እየተደራረበ ውሃ ያዘ፤ ውሃ የያዘው ንጣፍ አየር ከለከለ፤ አየር በሌለበት ደግሞ እንጨትና ቆዳ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን አይኖሩም። ሰዎቹ ጽዱ ቢሆኑ ኖሮ ስለ እነሱ የምናውቀው ነገር ከዚህ እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር።

ከእነዚያ ጉድጓዶች የወጣው እጅግ ዝነኛ ዕቃ የአንድ ሰው ዓይነ ምድር ነው። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለቤቱ የኖረው በ9ኛው መቶ ዘመን ነው። ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ሰውየው ሥጋና ዳቦ በብዛት ይበላ እንደነበር ተረዱ፤ አንጀቱ ውስጥ የሁለት ዓይነት የሆድ ትል እንቁላል በመቶዎች ይቆጠር ነበር። ሆዱን ይቆርጠው እንደነበር መገመት አይከብድም። ይህ ሰው ስሙን ባናውቀውም ምሳውንና ሕመሙን አወቅንለት። በ2003 ለጎብኚዎች በሚታይበት ጊዜ ወድቆ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ነበር፤ በማጣበቂያ ተጠግኖ ዛሬም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ልጆች ተሻምተው የሚያዩትም እሱን ነው።

አራቱ ጉድጓዶች ከባንኩ አለፍ ብሎ ስላለው ሰፈር ጥርጣሬ ጫሩ። ኮፐርጌት በሚባለው መንገድ ላይ አንድ የከረሜላ ፋብሪካ ነበር፤ እሱ ፈርሶ ቦታው ለአዲስ ግንባታ ሲለቀቅ በሪቻርድ ሆል የሚመራ ቡድን በ1976 ገባበት። ቁፋሮው እስከ 1981 ዘለቀ።

የሚፈልጉት ቫይኪንጎችን ነበር። ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የመጡት እነዚህ ሰዎች ከተማዋን በ866 ያዙ፤ ዮርቪክ አሏት። የመጨረሻው ንጉሣቸው የተባረረው በ954 ነው። ስለ እነሱ የተጻፈው ታሪክ ግን በአብዛኛው ገዳማቸው በተዘረፈባቸው መነኮሳት ወገን የተጻፈ ነውና፣ የሚያሳየን ሰይፍና እሳት ብቻ ነበር። ቤታቸው ምን ይመስላል? ምን ሠርተው ያድሩ ነበር? ይህን የሚናገር መጽሐፍ አልነበረም።

በኮፐርጌት መጀመሪያ መልስ የሰጠው አጥር ነው። ቆፋሪዎቹ ወደ 10ኛው መቶ ዘመን ንጣፍ ሲደርሱ ከመንገዱ ወደ ጓሮ የሚወርዱ የጭራሮ አጥሮች አገኙ፤ ቦታውን ለአራት ቤተሰብ ይዞታ የሚከፍሉ ነበሩ። የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ የተሰመረው ድንበር በዋናው መልኩ እስከ ዘመናችን መዝለቁ ነው። ነገሥታት ተለዋውጠዋል፣ ቋንቋው ተለውጧል፣ ቤቶቹ አሥር ጊዜ ፈርሰው ተሠርተዋል፤ የጎረቤት ወሰን ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በመሬት ድንበር የተካሰሰ ቤተሰብ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ ብዙም ላይደንቀው ይችላል።

ቤቶቹ በመጀመሪያ ምሰሶ ተተክሎ በጭራሮ የተጎነጎኑ ነበሩ። በ975 ገደማ ግን ነዋሪዎቹ መሬቱን ጎድጉደው በወፍራም የኦክ ሳንቃ የተገደገደ ቤት መሥራት ጀመሩ። የአንዳንዶቹ ግድግዳ የሰው ቁመት ያህል እንደቆመ ተገኘ። በቤቶቹ ውስጥና በየጓሮው የወዳደቀው ደግሞ የሠራተኛ ሰፈር መሆኑን መሰከረ፦ እንጨት ቀራጩ ጽዋና ገበቴ ሲሠራ የጣለው የመሀል ጉማጅ፣ ጫማ ሰፊው የቆረጠው የቆዳ ቅዳጅ፣ ከአጋዘን ቀንድ ተጀምሮ ያላለቀ ሚዶ፣ ብር የሚቀልጥባት ትንሽ ሸክላ፣ የሳንቲም መምቻ ብረት። ዘራፊ ይባል የነበረው ሕዝብ መርከቡን አስሮ እዚህ ሚዶ ሲሞርድና ጫማ ሲጠግን ተያዘ።

በአምስቱ ዓመት 40,000 ያህል ዕቃዎች ወጡ። ከእነሱ መካከል በአንድ መርፌ የተሠራ የሱፍ ካልሲ አለ። ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ዛሬም ሲነፉት ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ዋሽንት አለ። ወንዙ በረዶ ሲሆን እግር ላይ እየታሰረ የሚንሸራተቱበት የተሞረደ አጥንት አለ። ጭቃውን በወንፊት ያጠቡት ባለሙያዎች ቅማል፣ ቁንጫ፣ ጢንዚዛና የፍሬ ዘር ለይተው አወጡ፤ ጨርቅ የሚነከርባቸውን ዕፅዋት ሳይቀር ስማቸውን ጠሩ።

ከዚያ ደግሞ የሩቅ አገር ዕቃዎች መጡ። የሐር ቆብ ተገኘ፤ ሐሩ እንግሊዝ የደረሰው በምሥራቁ የንግድ መንገድ ነው። በሳማርካንድ የተመታ ድርሃም መስሎ የተሠራ ሳንቲም ተገኘ፤ ሲመረመር ግን ሐሰተኛ ነበር፤ በሩቅ ገበያ አንዱ ነጋዴ ሌላውን አሞኝቶታል ማለት ነው። እኛን በቅርብ የሚነካን ግን አንዲት ዛጎል ናት። ዓይነቷ የሚገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በእኛ አገር ከሕፃን አንገት እስከ አገልግል ክዳን ድረስ የምናውቀው ዛጎል፣ ከእኛው ባሕር ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ የሰሜን ባሕርን ተሻግሮ በአንድ ሚዶ ሠሪ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመት ተኝቷል። በእንግሊዝ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዮርክ ሲወጡ ይህን ቢነግሯቸው፣ ልጆቹ የሚያዩት ታሪክ የሌላ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ቁፋሮው እየተካሄደ ሳለ ትረስቱ ያልተለመደ ነገር አደረገ። አብዛኛውን ጊዜ የቁፋሮ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ውጤቱ ከዓመታት በኋላ በወፍራም መጽሐፍ ይወጣል። እዚህ ግን መረማመጃ ተዘርግቶ፣ መጠነኛ ክፍያ ተጠይቆ፣ ሕዝቡ ጉድጓዱን ከላይ ሆኖ እንዲያይ ተፈቀደለት። ሰዉም በገፍ መጣ። ገንዘቡ ለሥራው ድጎማ ሆነ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ትልቁ ትርፍ ግን መሪዎቹ የተማሩት ነገር ነበር። ጎብኚው ቆሞ የሚቀረው ወርቅ ሲወጣ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት ቆፋሪ በጉልበቷ ተንበርክካ በትንሽ ማንኪያ አጥር ስትገልጥ ሲያይም ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

ትልቁ ቁፋሮ አብቅቶ ግንበኞች ከገቡ በኋላም ቦታው አንድ ነገር ደብቆ ኖሯል። በሜይ 1982 የቆፋሪ ማሽን ጥርስ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ኦፐሬተሩ ማሽኑን አቁሞ ወረደ። የራስ ቁር ነበር። ከብረትና ከነሐስ መሰል ማዕድን የተሠራው ይህ የራስ ቁር ቫይኪንጎች ከመምጣታቸው መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ8ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ በላቲን ጸሎት መካከል ኦሼሬ የሚል የባለቤቱ ስም ተቀርጾበታል። ዛሬ በዮርክሻየር ሙዚየም ይገኛል። ያን ዕለት ማሽኑ ሳይቆም አንድ ዝቀት ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በቆሻሻ መኪና ተጭኖ በሄደ ነበር።

አሁን ጥያቄው የተገኘውን ምን እናድርገው የሚል ሆነ። ከጭቃ የወጣ እንጨት እንዲሁ ቢደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ሰም መሰል በሆነ ኬሚካል እንዲተካ ተደረገ። በላዩ የገበያ አዳራሽ ሲሠራ ከሥሩ፣ ቁፋሮው በተካሄደበት በዚያው ስፍራ ክፍት ቦታ ቀረ። በኤፕሪል 1984 የዮርቪክ ቫይኪንግ ማዕከል ተከፈተ። ጎብኚው በትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጦ ወደ 10ኛው መቶ ዘመን ይገባል፤ ጫማ ሰፊው፣ ዓሣ ሻጩ፣ እንጨት ቀራጩ ከየቤታቸው ደጃፍ ያወሩለታል። የጭሱና የመጸዳጃው ሽታ ሆን ተብሎ የተቀመመ ነው። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ ሳቅ በኋላ የሚያዩትን የአጥንት ሚዶ ግን የማን እንደነበር ይጠይቃሉ።

ሁሉን ጠብቆ ያቆየው ውሃ አንድ ጊዜ ሊበላው መጣ። በዲሴምበር 2015 ከባድ ዝናብ የፎስን ወንዝ አጥለቀለቀውና ማዕከሉ ውስጥ ውሃ ገባ። ዕቃዎቹ በወቅቱ ተነሥተው ዳኑ፤ ማዕከሉ ግን ታድሶ እንደገና የተከፈተው በኤፕሪል 2017 ነው። በወንዞች መካከል መቀመጥ ለሙታን ዕቃ የሰጠውን ዕድሜ ለሕያዋን ሕንጻ አይሰጥም።

ልጅ ይዞ ዮርክ የሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢያስብበት ይሻለዋል። ከዮርቪክ መጀመር፣ ከዚያ ወደ ዮርክሻየር ሙዚየም ሄዶ የራስ ቁሩን ማየት፣ ካቴድራሉን ደግሞ ለከሰዓት ማቆየት። ልጁ ስለ ተራ ሰዎቹ ካወቀ በኋላ ካቴድራሉን ማን እንደሠራው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ምን በልቶ እንዳደረ ራሱ ይጠይቃል። ጊዜ ከተረፈ ካስል ሙዚየም አለ፤ ጆን ከርክ የሚባል የገጠር ሐኪም ሰው የሚንቀውን የቤት ዕቃ እየሰበሰበ በ1938 ያስከፈተው ነው። ውስጡም የቪክቶሪያ ዘመን መንገድ ከነሱቆቹ ተሠርቶበታል። ተራ ኑሮ ለሙዚየም እንደሚበቃ ዮርክ አስቀድማ ያወቀችው ከእሱ ነው።

የቲኬቱ ዋጋ ለብዙ ልጆች አባት ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ግን ያጽናናል። ትረስቱ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ ከዮርቪክ የሚገኘው ገቢ ለቁፋሮና ለምርምር ይውላል። በሌላ አነጋገር፣ የዛሬ ሺህ ዓመት በጓሮ የተጣለው ቆሻሻ፣ ነገ በሌላ ሰፈር ማሽን ከመግባቱ በፊት አካፋ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰውን ሰው ደመወዝ ይከፍላል።